ለኮከብ ቆጠራ የምትሆን እናት ፍለጋ

ማንበብ የቻልኩት ጢሜ ሽበት ማብቀል ከጀመረ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው መጽሐፍን እንደ ዘመድ አያምነውም፤ እንደ ደላላ ነው የሚያየው፣ የቱ ጋ ሊሸውደኝ ነው እያለ። ፊደል እንደቆጠርኩ መጀመሪያ የፈለግኩት ባቡር ያለበትን መጽሐፍ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሐዲድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝና ስለ እኔ ምን እንደተባለ ማወቅ አማረኝ። ምንም አልተባለም። መጽሐፍ ውስጥ ባቡር የሚሳፈር ሰው ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ መስኮት ጥግ ይቀመጣል፣ ሰማይ ያያል፣ ይተክዛል። ጨረቃ አብራው ትሮጣለች። ከዋክብት ይጠቅሱታል። ከተቀመጠበት ወንበር ሥር መንኮራኩሩ፣ ከመንኮራኩሩ ሥር ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ሥር ጠጠሩ፣ ከጠጠሩ አጠገብ ደግሞ ባቡሩ እስኪያልፍ አካፋውን ተደግፎ የቆመ ሰው መኖሩን የጻፈ አላጋጠመኝም። እኔ ያ ሰውዬ ነኝ። ጨረቃ ደግሞ ማንንም ተከትላ አትሮጥም። ቆሜ አይቻታለሁ፤ እሷም እንደኔው ቆማለች።

እኛ የሐዲድ ጥገና ሠራተኞችም ሰማይ እናያለን፤ ግን ለትካዜ አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። በጠዋት ብርድ ሁለት ሐዲድ አፍ ላፍ አጋጥሞ ያሰረ ሰው ቀትር ላይ ጉዱን ያያል፤ ብረቱ መሄጃ ሲያጣ እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ካቦው፣ የቡድናችን አለቃ ማለቴ ነው፣ ብሎኑን ከማስጠበቁ በፊት ቀና ብሎ ፀሐይን ያይና በሁለቱ ሐዲዶች መካከል የሚተወውን ክፍተት በጣቱ ይለካል። ከሰማይ ጋር የነበረን ጉዳይ ይኸው ነው፤ አንድ ጣት ክፍተት። የቀረውን ለቄስና ለተሳፋሪ ትተንላቸው ነበር። ነበር ያልኩት በኋላ ሰማይ እኔን ለብቻዬ ፈልጎ ስለመጣ ነው።

ጊዜው መንግሥት በተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። አሮጌው ባቡር ገና አልሞተም፤ ሲሻለው ድሬዳዋ ድረስ ይሄዳል፣ ሲብስበት አቃቂ ጣቢያ ላይ ቆሞ ያልበዋል። ስም አልጽፍም። የሞቱት ስማቸውን ይዘውት ሄደዋል፤ በሕይወት ያሉት ደግሞ ያኮርፉኛል። በዚያ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣብኝ በስም ነው።

ዛሬ ባለቤቴ የሆነችውን ሴት ያገኘኋት የማታ ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። እሷ ክር ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች ስምንተኛ ክፍል ትማራለች። እኔ የሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበቴን አገጬ ድረስ አጥፌ ሀሁ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን ከግቢው ስወጣ የበሩን ጽሑፍ ጮክ ብዬ ሳነብ ከኋላዬ ሰማችኝ።

«ወንድሜ፣ በሆድህ አንብብ እንጂ» አለችኝ። «ሰው ከበር ጋር እየተጣላ ነው ይሉሃል።»

«በሆድ ማንበብ ገና አልደረስንበትም።»

«የት ደረሳችሁ?»

«በአፍ ላይ ነን።»

ሳቀች። እኔ በሰው ሳቅ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን ቁጣው ሳይመጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ከትምህርት ቤቱ እስከ ጣቢያው አብረን እየሄድን መንገድ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ አስነበበችኝ፤ የግሮሰሪውን፣ የጎሚስታውን፣ የጭነት መኪናውን ጀርባ። ስሳሳት ትስቃለች፣ ሳልሳሳት ደግሞ «አሁን ገምተህ ነው» ትላለች። እሷ ሠላሳ አልፏት ስለነበር ሰፈሩ ቆማ ቀረች ይላት ነበር። ሰፈሩ ስለ እኔ የሚለውን አልጽፍም፤ ወረቀት ነውር አለው።

እንጋባ አልኳት፤ እሺ አለች። የቀሩን እናቷ ነበሩ።

ቤታቸው ከጣቢያው ጀርባ ካሉት የምድር ባቡር ቤቶች አንዱ ነው። አባቷ ጡረተኛ ናቸው። ባቡር በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ሥራቸው ምድጃው ውስጥ ማገዶና ከሰል መጨመር ነበር። ጆሯቸውን እዚያው ጥለውት መጥተዋል። ግቢያቸው ውስጥ ከአሮጌ ፉርጎ የተነቀለ የእንጨት አግዳሚ አለ፤ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ተቀምጠው ያንቀላፋሉ፤ የትም የማይሄድ ተሳፋሪ ይመስላሉ። ሰፈሩ የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ነቢዩ በእሳት ሠረገላ ወደ ሰማይ ሲወጣ የሚያሳይ ሥዕል ተሥሎ ሲመረቅ፣ ሕዝቡ ሁሉ እልል ሲል እሳቸው ጠጋ ብለው ካዩ በኋላ ካህኑን፣ «አባ፣ ነቢዩስ ተቀምጧል። ማገዶውን ማን እየጨመረ ነው?» ብለዋል። ካህኑ መልአኩ ነው አሏቸው። «እንግዲያስ መልአኩ ፊቱ ንጹሕ ነው፤ አልሠራም» ብለው ወጡ። ሰውየውን ሳላውቃቸው የወደድኳቸው ይህን ሰምቼ ነው። በዓለም ላይ ስለ ባቡርና ስለ ሰማይ ከተነገረው ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል።

እናትየዋ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ትልቋን ልጃቸውን ኮከብ ሳያስቆጥሩ ድረው፣ ትዳሩ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ሰውየው ሰካራም ስለነበር ነው የፈረሰው። እሳቸው ግን ሰካራምነቱም ከኮከቡ ነው ይላሉ። ሁለተኛይቱን ኮከብ ሳይታይ ላይድሩ ምለዋል። ስለዚህ እኔን ገና እንዳዩኝ ሥራህ ምንድን ነው፣ ትጠጣለህ ወይ፣ ስንት ዓመትህ ነው አላሉኝም።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«የእናትህስ የክርስትና ስም?»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። ኮከብ የሚቆጠረው በሰውየውና በእናቱ የክርስትና ስም ነው። ፊደሎቹ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ይደመራሉ፣ በዐሥራ ሁለት ይገደፋሉ፣ የተረፈው ኮከብህን ይነግርሃል። ኮከቡ ደግሞ ባሕርይ አለው፤ እሳት፣ ውሃ፣ ነፋስ ወይም መሬት። በአባት ስም አይቆጠርም። ለምን ብዬ ብጠይቅ አንድ ካህን «እናት አትጠረጠርማ» አሉኝ። የእኔን ነገር ቢያውቁ ኖሮ ይህን አይሉም ነበር። በእኔ በኩል እናትም በስም አትታወቅም።

እኔ የተወለድኩት ከሞጆ ወዲያ፣ ቆላው ውስጥ፣ ባቡር ውሃ ይሞላባት በነበረች ትንሽ ጣቢያ ነው። እናቴ እዚያ ለመንገደኛ ሻይ ትሸጥ ነበር። ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም፤ ከባቡር ወርዳ ቀረች ነው የሚሉት። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ሞተች። ያሳደገኝ የጣቢያው የሐዲድ ቡድን ነው፤ የክርስትና ስሜንም የነገረኝ ክርስትና ያነሳኝ የቡድኑ ካቦ ነው። የእሷን ስም ግን እሱም አያውቅም ነበር። ሁሉም «እናቴ» ነበር የሚሏት። ነጂውም እናቴ፣ ተሳፋሪውም እናቴ፣ ዘበኛውም እናቴ። የሁሉ እናት ሆና ስም ሳይተርፋት ቀረች።

«አስታውሼ እነግርዎታለሁ» አልኳቸው እማማን። ሞኝነት ነው። የእናቱን ስም የሚያስታውስ ሰው ይኖራል፤ አስታውሼ ልምጣ የሚል ሰው ግን የለም። በሙሉ ዓይናቸው አዩኝ።

ፈቃድ ጠይቄ በዕቃ ባቡር ወደዚያች ጣቢያ ወረድኩ። ቡድኑ ተበትኗል፣ ካቦው ከሞተ ቆይቷል። አንድ የድሮ የሐዲድ መገንጠያ ጠባቂ ብቻ በሕይወት አገኘሁ። ግማሽ ቀን አብሬው ተቀመጥኩ። የሞቱትን በሬዎቹን ስም ሁሉ ነገረኝ። ዘጠኝ በሬ ነበረው። እናቴ ጋ ሲደርስ፣ «እናቴ ነበር የምንላት» አለኝ። በሬ ከነስሙ ሲታወስ ስታይ ምን እንደሚሰማህ ልጽፈው ሞክሬ አቅቶኛል፤ ይቅር።

ተመለስኩ። እማማ ኮከብ የሚቆጥሩትን መሪጌታ ለእሑድ ጠርተዋቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳልፍ ዓይኔ የመቃብር ድንጋይ ላይ ዐረፈ። ያን ሰሞን ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ሳያስነብበኝ አያሳልፈኝም። ላይኛው መስመር ተሸርፏል፤ ታችኛው በሣር ተሸፍኗል፤ መካከሉ ላይ ግን የአንዲት ሴት የክርስትና ስም ደህና አድርጎ ተቀርጿል። ረጅም ነው፣ ያምራል። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ሳልሳሳት ወጣልኝ። ዞር ብዬ አየሁ፣ ሰው የለም። ለራሴ እንዲህ አልኩ፤ እቺ ሴት ሞታለች፣ እናቴም ሞታለች፤ ስም ደግሞ ቢዋሱት አያልቅም። ማንበብ መቻሌን ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ያዋልኩት በዚህ መልክ ነው፤ ከሙታን ሰረቅኩበት። አስተማሪዬ ይህን ቢሰማ ያስተማረኝን ፊደል መልስ ይለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ውስጥ ተቀመጥን። መሪጌታው፣ ቀጭን፣ ሳቅ የሚቀርባቸው ሰው፣ መጽሐፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተዋል። እማማ ከፊታቸው። ሽማግሌው አግዳሚያቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ልጅቷ የጠዋት ፈረቃ ገብታ ገና አልመጣችም።

«ስም?» አሉ መሪጌታው። ሰጠሁ። «የእናት?» ከድንጋዩ ላይ የወሰድኩትን ሰጠሁ። መሪጌታው ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝና ጻፉት። እኔ ማንበብ የማልችል መስሏቸዋል መሰል ወረቀቱን አልደበቁኝም፤ ሲደምሩ ከላይ ሆኜ አብሬ ደመርኩ። ትክክል ነበሩ፤ ያ ነው የባሰው። የልጅቷንና የእማማንም ስም ደመሩ።

«የአንተ አሰድ ነው፤ እሳት» አሉ። «የሷ ሑት፤ ውሃ።» እርሳሱን ወደ ጆሯቸው መለሱት። «እሳትና ውሃ አንድ ምድጃ ላይ አይኖሩም።»

እማማ ነጠላቸውን አጣፉ። «በቃ» አሉኝ፣ ክፋት ሳይኖርበት። «ልጄ፣ አልተቀየምኩህም። ያለው ሰማይ ነው።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ ፊደል፣ አንድ ዓመት ከፊደል ጋር፣ አንድ ሴት፤ ሁሉም በአንድ እርሳስ ሊያልቅ ነው። እኔ ደግሞ ነገር አለሳልሶ መናገር ሲፈጥረኝ ያልሰጠኝ ሰው ነኝ።

«ሰማይ አይደለም!» አልኩ። «ሒሳቡ ልክ አይደለም። ስሙ የእናቴ አይደለም!»

 እማማ ቀስ ብለው፣ «እና እስካሁን ስንደምር የቆየነው የማንን እናት ነው?» አሉ።

«አላውቃትም። ከመቃብር ላይ አንብቤ ነው።»

«ከየትኛው?» አሉ መሪጌታው፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጥቷል።

«ከዋርካው ማዶ። ላይኛው መስመር የተሸረፈው ድንጋይ።»

መሪጌታው መጽሐፋቸውን ከደኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ገና ስሙን ስትጠራ ጠርጥሬ ነበር። ያንን ጽሑፍ ለጠራቢው የጻፍኩለት እኔ ነኝ። የተሸረፈው መስመር ምን ይል እንደነበር ልንገርህ? እማሆይ ይል ነበር። ሴትየዋ በሕፃንነታቸው የመነኮሱ፣ ወንድ አጠገብ ያልደረሱ መነኩሲት ናቸው።»

«በስመ አብ!» አሉ እማማ። «መነኩሲት አስወለድካቸው!»

«ባላውቅ ነው።»

«እሳቸውም አላወቁ!»

በዚህ መሐል የግቢው በር ተከፈተና ልጅቷ ከነጥጥ ብናኟ ገባች። ሁላችንንም አየች። እናቷ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም ነገሯት፤ ስሙን፣ ድንጋዩን፣ መነኩሲቷን። እኔ ምድር አትከፈትም ወይ እያልኩ ነው። እሷ ከፀጉሯ ላይ የክር ቁራጭ እየለቀመች አዳመጠችና፣

«ሳትሳሳት አነበብከው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ሣሩን ገለጥ ብታደርግ ኖሮ ታችኛው መስመር ላይ ዕድሜያቸውን ታገኘው ነበር። ከዘጠና በላይ ናቸው። ግማሹን ብቻ አንብቦ መሮጥ፤ ነግሬህ አልነበር?» አለችና አግዳሚው ላይ ካባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ለአማትነት ግን አይከፉም። ማኅበር አይጠሩኝ፣ ጎመንሽ ጨው በዛበት አይሉኝ።»

እማማ አልሳቁም። «እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ። «እናትህ ማን ነች?»

ነገርኳቸው። ጣቢያይቱን፣ ሻዩን፣ ሁሉም እናቴ ይሏት እንደነበር። የበሬዎቹን ነገር ግን አልነገርኳቸውም። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ ወይም ጆሮ የተመረጠ ነገር ሲሰማ ይከፈት እንደሆነ አላውቅም፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ውሃ የምንሞላባት? ከታንከሩ አጠገብ ግራር ያለባት?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ከግራሩ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች።»

«እናቴ ነች።»

«ስኳር ታበዛ ነበር» አሉ፣ አሁንም ምላሳቸው ላይ ያለ ይመስል ከንፈራቸውን እየላሱ። «በጀርባዋ ልጅ ታዝላለች። ሲያለቅስ ፊሽካችንን ያስንቃል። ነጂያችን፣ ያን ልጅ ቅጠሩት፣ ፊሽካው ሲበላሽ እንጠቀምበታለን ይል ነበር።»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ድምፅህ አልተለወጠም።»

ልጅቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ እናቴ የማውቀው መሞቷን ብቻ ነበር። አሁን ሁለት ሆነልኝ፤ ሞታለች፣ ስኳር ታበዛለች። ሦስተኛም ፈለግኩ። «ስሟን ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

 «ሳልጠይቃት ቀረሁ። የምንቆመው ውሃው እስኪሞላ ነው። እናቴ ስንላት ወዬ ትላለች፤ ከዚያ ባቡሩ ይሄዳል።»

መሪጌታው በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስም ከሌለ ኮከብ የለም» አሉ። እማማ ደግሞ እጃቸውን ዘረጉ። «እኔ ምን ላድርግ? በመነኩሲቷ ከሆነ እሳትና ውሃ፤ በእውነተኛዋ ከሆነ ልጁ ኮከብም የለው። ስኳር ኮከብ አይሆን። የቱን ይዤ ልዳር?»

«እሳትና ውሃ ምን ሆኑ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይጋቡም» አሉ እማማ ጮክ ብለው፣ ወደ ጆሯቸው።

«ማን አለ?»

«ሰማይ!»

«ሰማይ ባቡር ነድቶ ያውቃል?» ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እንዲህ ረጅም ሲናገሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። «አንቺ፣ ድሬዳዋ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ ያበላሁሽ ምን መሰለሽ? ከታች እሳት፣ ከላይ ውሃ። እሳቱ ብቻውን ቢነድ ዐመድ ነው። ውሃው ብቻውን ቢቀመጥ የከብት መጠጫ ነው። ሁለቱን በአንድ ብረት ውስጥ ስታጋቢያቸው ነው ተራራ የሚወጡት። እሳትና ውሃ ባይጋቡ አቃቂ የምትባል ከተማ እዚህ ማን ያመጣት ነበር? አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪ ነበር?»

መሪጌታው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ተመለከቱት፤ የሰሙትን የት ላይ እንደሚጽፉት የጠፋቸው ይመስላሉ። «ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም» አሉ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው ተሳፋሪ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

እኔ ብዙ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላም ከዚህ የተሻለ ትችት አላነበብኩም።

እማማ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሴት አይደሉም። «ቦይለሩ፣ ያ የውሃ ማፍያው ጋን፣ ፈንድቶ ሰው ገደለ ያልከኝስ?» አሉ።

«ገድሏል።»

«እህ!»

«ውሃው ሲያልቅ ነው የሚፈነዳው። እሳት ጥፋት የለበትም፤ ሥራው መንደድ ነው።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ውሃ እንዳታልቂበት። ሌላው ቀላል ነው።»

«ወንዙ ቅርብ ነው፣ አባባ» አለች።

እማማ ነጠላቸውን እንደገና አጣፉ፤ እንደገናም ፈቱት። ሐሳባቸው ሲዞር እጃቸው ላይ ነው የሚታየው። በመጨረሻ፣ «እሺ፤ ሰማዩስ ይቅር» አሉ። «ወጉ ግን አይቀርም። ልጄን እንዲህ ግቢ ውስጥ በጫወታ አልሰጥም። ሽማግሌ ይላክ። እናቱን የሚያውቅ፣ ዘሩን የሚመሰክር።»

ይኼኛው ከእሳትና ከውሃው ባሰ። እናቴን የሚያውቅ ሰው ከየት አመጣለሁ? በሬ ብቻ የሚያስታውሰውን ሰውዬ ልላክ?  ልጅቷ እግሯን ታያለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትፈራ አየኋት።

ሽማግሌው ግን ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ። «አንቺ፣ እናቱን እዚህ ሰፈር የሚያውቃት ከኔ ሌላ ማን አለ?» አሉ። ባርኔጣቸውን አጠለቁ፣ ኮታቸውን ቆለፉ፣ በግቢው በር ወጡ፣ ከኋላቸው ዘጉት። ከዚያ አንኳኩ።

እርስ በርስ ተያየን። እንደገና አንኳኩ።

«ማነው?» አሉ እማማ፣ አፋቸው ቀድሟቸው።

«እንግዳ ነኝ። ለጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«ይኼ ሰውዬ አበደ» አሉ እማማ ዝቅ ብለው። ግን ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በሩን ከፈቱና ባላቸውን «ይግቡ» አሏቸው። አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ሲሉት የኖሩትን ሰው። «ይቀመጡ።»

«የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀመጥም።»

«ይናገሩ።»

«አንድ ልጅ አለን» አሉ ሽማግሌው፣ በምርኩዛቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። «እናቱን አውቃታለሁ፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ለሻይዋ አትሰስትም ነበር። ሐዲድ ይጠግናል። አፉ ክፉ ነው፣ እጁ ግን ደህና ነው። ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ነው።»

እማማ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ወጉ የሚያዘው በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳይባል ነው። «ሰምተናል» አሉ። «ተመካክረን እንነግርዎታለን። ለሳምንት ይመለሱ።»

«ከማን ጋር ነው የሚመካከሩት?»

«ከባለቤቴ ጋር።»

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ጆሮው አይሰማም እንጂ ክፉ አይደለም» አሉ እማማ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔ ነኝ የማውቀው። ሐዲድ ላይ ፀሐይዋ የቆመች መሰለኝ፤ ካቦዬ ክፍተቱን አንድ ጣት ተው ሲለኝ ሁለት ትቼ ተሰድቤያለሁ። ባቡር ነጂው ሳይቀር ወሬው ደርሶት በመስኮት ብቅ እያለ «ፊሽካችን ደህና ነው፣ አትምጣ!» ይለኛል። ልጅቷ እንደነገረችኝ ደግሞ ሽማግሌው ቤታቸው ውስጥ በጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ረቡዕ ዕለት እማማ ምሳ እያቀረቡ፣ «እኔ እንጃ፣ ምን ትመክረኛለህ?» ቢሏቸው፣ «የልጁ ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ ከኔ ጋር መመካከር አትችይም» ብለው እንጀራቸውን ቆርሰዋል። እማማ ምክሩን ለብቻቸው ጨረሱት።

በሳምንቱ እሑድ ሽማግሌው በሩን አንኳኩ፤ በዚህኛው ቀን ሦስት ሆነው። አንዱ ካቦዬ ነው፣ ቱታውን ለውጦ ክራቫት አስሯል፤ እንዴት እንደሚታሰር አያውቅም፣ እንደ ብሎን ነው ያጠበቀው። ሦስተኛው መሪጌታው ናቸው። እማማ በሩን ከፍተው መሪጌታውን ሲያዩ፣ «እርስዎም?» አሉ።

«ሰማይ አይቃወምም» አሉ መሪጌታው፣ «ጠይቄያለሁ።»

እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። ሽማግሌ ሲለምን ሙሽራው ልጅቷ ቤት አይገባም። በቆርቆሮው ስንጥቅ ነው ያየሁት፤ ከጎኔ ደግሞ የሰፈሩ ግማሽ አለ። ሦስቱ ቆመዋል። አንቀመጥም አሉ። ሽማግሌው የባለፈውን ቃል ሳያጎድሉ ደገሙት፤ ሻዩንም አልረሱም።

እማማ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጣፉ። የፈለጉት ጊዜ ይሁን እኔን ማሠቃየት፣ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ከዚያ፣ «ሰጥተናል» አሉ።

እልልታው ከውጭ ጀመረ። ሽማግሌው አልሰሙትም መሰለኝ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚስታቸውን ከንፈር ያያሉ።

«ሰጥታችኋል?» አሉ።

«ሰጥተናል!»

«እንግዲያስ ልቀመጥ?»

«ተቀመጥ» አሉ እማማ። «ቤትህ ነው።»